የነጭ ጉም ግራ እጅ ጉዳይ

ሰው ሁሉ በተሰማራበት መስክ ለአገሩ ይደክማል። አንዱ መንገድ ያነጥፋል፤ ሌላው የተነጠፈውን ይቆፍራል፤ ሦስተኛው ቁፋሮው ለምን እንደዘገየ መግለጫ ይሰጣል። የእኛ ድካም ግን ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። እኛ «የጨው ተራራ ሰይፈኞች» በተባለው ዝነኛ ተከታታይ የአሻንጉሊት ትርኢት ውስጥ የሚታዩ አለመጣጣሞችን አጣጥመን ለትውልድ የምናስተላልፍ ቋሚ ኮሚቴ ነን። ደመወዝ የለንም። ማኅተም ግን አለን።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። እዚሁ ደቡብ ታይዋን፣ ከባሕሩ ብዙም በማትርቀው ከተማችን ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ፎቶ ቤቱ ለሆዴ ነው፤ ኮሚቴው ለህሊናዬ።

ትርኢቱን አላውቅም የሚል ደፋር ካለ ባጭሩ ልንገረው። የከተማችን ጠባቂ አምላክ የልዑሉ ልደት በየዓመቱ ሲከበር ከቤተ መቅደሳቸው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ መድረክ ይተከላል። ጊዮክላን የምትባል ሴት፣ ከእሷ በፊት ደግሞ አባቷ፣ እጅ ላይ የሚጠለቁ አሻንጉሊቶችን እያጫወቱ አንድ አዲስ ምዕራፍ ያሳያሉ። መድረኩ ፊቱን ወደ ቤተ መቅደሱ በር ያዞራል፤ ትርኢቱ የልዑሉ ነዋ! እኛ መሃል ላይ ወንበር ይዘን የምንቀመጠው እግረ መንገዳችንን ነው። ልዑሉ በዕጣን ጭስ ብዛት የጠቆረ የእንጨት ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አንዲት ትዕይንት ሳታመልጣቸው አይተዋል። እኛ ሽንት ቤት እንሄዳለን።

ትርኢቱ እንከን የለውም። እንከን የሚመስሉ ነገሮች ግን ሞልተውታል። በአንዱ ምዕራፍ ወደ ሰሜን ሲፈስ የነበረው ወንዝ በሚቀጥለው ወደ ደቡብ ይፈሳል። ዓይነ ስውሩ መነኩሴ የድሮ ወዳጁን ሲያገኝ «አይ ጊዜ! ጢምህ እንዴት ሸበተ!» ይለዋል። ልዕልቲቱ ያረገዘችው እኔ ወጣት ሳለሁ ነው፤ እኔ አያት ሆኛለሁ፣ እሷ እስካሁን ወገቧን ይዛ ምጥ ትጠብቃለች። ተራ ተመልካች ይህን ሲያይ ስቆ ያልፋል። ኮሚቴያችን ግን ስቆ የሚያልፍ ኮሚቴ አይደለም። ወንዙ በሐዘን ምክንያት አቅጣጫ መቀየሩን፣ መነኩሴው ሽበትን በአፍንጫው እንደሚለይ፣ የልዕልቲቱም እርግዝና በሰማይ አቆጣጠር ገና አምስተኛ ወሩ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ወስነን ፋይሉን ዘግተናል።

የእጁ ጉዳይ ግን አልዘጋ አለን።

ዋናው ጀግና ነጭ ጉም ይባላል። በበረዶው ጉድጓድ ምዕራፍ ግራ እጁ ከትከሻው ላይ በሰይፍ ተቆርጧል። ያን ዕለት አደባባዩ እንዳለ አልቅሷል። የዓሣ ሾርባ የሚሸጡት እትዬ ቢሁዋ ድስታቸውን እሳት ላይ ትተው መጥተው ደረታቸውን ደቅተዋል፤ ሾርባው አርሯል፣ ማንም ግን አልወቀሳቸውም። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጉም በአንድ እጁ ስንቱን ድል አደረገ! ዓምና ታዲያ በመጨረሻው ትዕይንት ከጦርነት ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጽዋውን አንስቶ ጠጣ። በግራ እጁ።

እትዬ ቢሁዋ ብቻ «ኧረ በልዑሉ!» ሲሉ ተሰሙ። በማግስቱ ከተማው ለሦስት ተከፈለ።

አስቸኳይ ስብሰባው እንደወትሮው በኮሚቴው አባል በዶክተር ሂዮንግ የጥርስ ክሊኒክ፣ በተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ተካሄደ። ጉንጫቸው ያበጠ በሽተኞች ዳር ዳሩን ተቀምጠው ያቃስታሉ፤ በታዛቢነት መዝግበናቸዋል። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ኪምሱይ ዕድሜያቸውን በመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ጨርሰው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ አባላት» አሉ፤ «ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ አይተነዋል። እጁ ታግዷል እንጂ አልተሰረዘም። እገዳ ደግሞ ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይነሳል።»

«በሰይፍ እኮ ነው የተቆረጠው ጋሽ ኪምሱይ!» አሉ እትዬ ቢሁዋ። «ደሙ ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀይ ሪባን ነበር፣ ግን ደም ነው።»

«ደሙ እገዳው በአግባቡ ተግባራዊ መደረጉን ያሳያል።»

ዶክተር ሂዮንግ አንዱን በሽተኛ አፉን እንደከፈተ ትተውት ብቅ አሉ። መቦርቦሪያው በእጃቸው ላይ ገና ይዞራል። «ሳይንሱን ለባለሙያው ተዉት» አሉ። «የወተት ጥርስ አለ፤ ይወልቃል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። የወተት ጥርስ ካለ የወተት እጅ የማይኖረው በምን ምክንያት ነው? ያ የተቆረጠው የወተት እጁ ነበር።»

«ሰውየው ጢሙ ጉልበቱ ጋ የደረሰ ሽማግሌ ነው እኮ!»

«አንዳንዱ ሰው ይዘገያል፣ እትዬ ቢሁዋ።»

«ወይ የተማረ ሰው! ነገሩ ግልጽ ነው፤ መንትያ አለው። የጠጣው መንትያው ነው። ነጭ ጉም እኮ መጠጥ ሲሸተው እንኳ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

«መንትያ እንዳለው በየትኛው ምዕራፍ ላይ ተነገረ?»

«አለመነገሩ ነዋ ምስጢሩ!»

ከውስጥ ክፍል አፉን የከፈተው በሽተኛ «ኣኣኣ» አለ። ጋሽ ኪምሱይ ድምፁን በድምፀ ተአቅቦ እንድመዘግብ አዘዙኝ።

እንግዲህ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ሳንታክት ወቀጥን። እትዬ ቢሁዋ ለዶክተሩ ሾርባ መሸጥ አቆሙ። ዶክተሩም በተራቸው የእትዬ ቢሁዋን መንጋጋ ጥርስ ግማሽ ድረስ ቦርቡረው «የቀረውን መንትያዎ ትምጣና እጨርስላታለሁ» አሏቸው። ባልና ሚስት በእጅ ምክንያት ማዕድ ለዩ። ሊቀ መንበሩም የነገሩን አደገኛነት በመገንዘብ ታሪካዊውን መመሪያ አወጡ፦ የግራ እጁ ጉዳይ እልባት ሳያገኝ አንድም ወዳጅ በአዲሱ ምዕራፍ ላይ ወንበር ይዞ እንዳይቀመጥ፤ አለመጣጣም በአለመጣጣም ላይ እንዳይደራረብ። ሕዝቡ መመሪያውን በደስታ ተቀበለ። ፍቅር ማለት ይኸው ነው።

የልዑሉ ልደት ሲቃረብ ጊዮክላን ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ሃምሳን የተሻገረች ቀጭን ሴት ናት፤ የሞተር ብስክሌት ቆቧን በብብቷ ይዛለች፤ ጣቶቿ ባዶአቸውንም ቢሆን መንቀሳቀስ አያቆሙም።

«ጋሼ፣ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት» አለች።

«ልመና በጽሑፍ ነው» አሉ ጋሽ ኪምሱይ።

«በቃሌ ልለምን፣ እባክዎ። እጁ ሳይወሰን አንቀመጥም ብላችኋል አሉ። የቤተ መቅደሱ ሹም አቶ ቹዋንግ ደግሞ ዘንድሮ ወንበሩን አያለሁ ብሏል። ባዶ ከሆነ ከከርሞ ጀምሮ እኔ ቀርቼ ጭነት መኪና ላይ የሚጨፍሩትን ልጃገረዶች ሊያመጣ ነው። ሌሎቹ ቤተ መቅደሶች በሙሉ ትተውኛል ጋሼ። የቀሩኝ የእናንተ ልዑል ብቻ ናቸው። እሳቸውን ካጣሁ ሳጥኖቹን የሚገዛኝ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አለ። አባቴ የቀረጻቸውን አሻንጉሊቶች ሆቴል ግድግዳ ላይ በምስማር ሊቸነክራቸው ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሌላ ምንም አልጠይቅም። መጥታችሁ ተቀመጡልኝ። ሳቁ፣ አልቅሱ፣ ከፈለጋችሁም ተኙ። ብቻ ወንበሩ ላይ ተኙ።»

በሽተኞቹ እንኳ ማቃሰታቸውን አቆሙ። እውነቱን ለመናገር እኔ ሆዴ ባባ።

«እጁስ?» አሉ ጋሽ ኪምሱይ።

«የቱ እጅ?»

«የቱ እጅ ትላለች እንዴ! ኧረ የሰው ያለህ!» አሉ እትዬ ቢሁዋ።

«እ... እሱማ» አለች ጊዮክላን ቆቧን እያሻሸች፤ «ዓምና ዝናብ ነበር። የባለ አንድ እጁ ነጭ ጉም ልብስ በስብሶ ሞተሬ ላይ አስጥቼው ነበር። አማራጭ ሳጣ እጁ ከመቆረጡ በፊት የምጫወትበትን ነጭ ጉም አወጣሁት። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌው ነበር፤ ጽዋው ጋ ስንደርስ ተፈታብኝ። የእኔ ስህተት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ዓመቱን ሙሉ ሲቆራቆሱ የከረሙት ሦስቱ ወገኖች ተያዩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልባቸው አንድ ሆነ።

«አይ ልጄ» አሉ ዶክተሩ በሐዘን። «ትሕትና ጥሩ ነው፤ ግን ልክ አለው።»

«ሞተር ላይ አስጥቼው!» እትዬ ቢሁዋ ሳቃቸው መጣ። «ነጭ ጉምን የሚያህል ሰው ልብሱ ሞተር ላይ ይሰጣል? አንቺ ልጅ፣ ታሪኩ ጨርሶ አልገባሽም።»

«እኔ እኮ ነኝ የማጫውተው፣ እትዬ።»

«ታጫውቻለሽ» አሉ ጋሽ ኪምሱይ። «ሾፌርም መኪና ይነዳል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የማን ነው? ስለ ነጭ ጉም አስተያየት ለመስጠት ምን ሥልጣን አለሽ?»

ጊዮክላን አንድ በአንድ አየችን። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ መለየት አልቻልኩም። «እሺ» አለች በመጨረሻ፤ «እናንተ እንዳላችሁት ይሁን። ዘንድሮ መጋረጃው እንደተከፈተ ነጭ ጉም ራሱ ስለ እጁ ይናገራል። ከገዛ አፉ ትሰሙታላችሁ። ብቻ ኑልኝ።»

እሷ ስትወጣ ደስ ሊለን ይገባ ነበር። የበሰለ ኮሚቴ ግን ዝም ብሎ ደስ አይለውም።

«ነጭ ጉም የተሳሳተ ነገር ቢናገርስ?» አሉ እትዬ ቢሁዋ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ ጋሽ ኪምሱይ። «ትክክለኛውን መልስ ቀድመን ካላወቅነው እሱ የሚሰጠው መልስ ትክክል መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?»

ይህ ንግግር በጭብጨባ ተደግፏል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መጋረጃው ሳይከፈት እውነቱን ማወቅ አለብን ተባለ። ታዲያ ማን ያውቃል? ጊዮክላን እንደማታውቅ ተረጋግጧል። ሁሉንም ምዕራፍ ያዩት አንድ ብቻ ናቸው፤ ልዑሉ። ስለዚህ ልዑሉን እንጠይቅ ተባለ።

ልዑሉን የምንጠይቀው ሌላው ሰው ስለ ልጁ ፈተናና ስለ ሚስቱ ሕመም እንደሚጠይቀው ነው። እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቀረጹ ሁለት ቀይ እንጨቶች አሉ፤ አንደኛው ገጻቸው ልሙጥ፣ ሌላው ጉብ ያለ ነው። ተንበርክከህ ትጠይቅና ወለሉ ላይ ትጥላቸዋለህ። አንዱ በልሙጡ አንዱ በጉብታው ከታዩ እሺ ማለታቸው ነው። ሁለቱም ጉብታቸውን ካሳዩ እንቢ ነው። ሁለቱም ልሙጣቸውን ወደ ላይ ካዞሩ ግን ልዑሉ እየሳቁ ነው ማለት ነው። በልደታቸው ዕለት ጠያቂው ስለሚበዛ ተራ ያዝን። ተራችን የደረሰው ልክ መጋረጃው በሚከፈትበት ሰዓት ሆነ። ጋሽ ኪምሱይ «ይህ ምልክት ነው» አሉ። ምልክትስ ምልክት ነበር።

የልደቱ ዕለት ከሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቀዩ የላስቲክ ወንበር በረድፍ በረድፉ ተደርድሯል። ሹሙ አቶ ቹዋንግ ባርኔጣውን ደፍቶ ከዳር ቆሞ ወንበሩን ያያል። ርችት ተተኮሰ፤ ከበሮ ተመታ፤ ጊዮክላን ከመጋረጃው ሥር በአንድ ዓይኗ አጮለቀች። ኮሚቴያችን የከተማውን የትርኢት ወዳጅ በሙሉ አስከትሎ፣ ሰልፉን ጠብቆ፣ አደባባዩ ላይ ብቅ አለ። ጊዮክላን ፊቷ ሲበራ አይቻለሁ። እኛም በወንበሮቹ መካከል ቀጥ ብለን አልፈን ቤተ መቅደሱ ገባን።

ፊታችንን ወደ ልዑሉ፣ ጀርባችንን ወደ በሩ አድርገን ተንበረከክን። እኔ በየዓመቱ ትርኢቱን የምቀርጽበትን ካሜራ እንጨቶቹ የሚወድቁበት ወለል ላይ አነጣጠርኩ። ታሪክ የሚሠራው እዚያ ነበርና።

ጋሽ ኪምሱይ ጀመሩ። «የተከበሩ ልዑል ሆይ፤ ከላይ በተጠቀሰው ጀግና ግራ እጅ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ጊዜያዊ እገዳ መሆኑን ያጸድቁልን ዘንድ በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።»

እንጨቶቹ ቀጭ ቀጭ አሉ። ሁለቱም በልሙጣቸው።

«ሳቁ!» አለ ሕዝቡ።

«አቀራረብዎ ነው ያሳቃቸው» አሉ ዶክተሩና እንጨቶቹን ተቀበሉ። «ልዑል ሆይ፤ የወተት እጅ ነው?»

ቀጭ ቀጭ።

«ሳቁ! ሳቁ!»

«ይበላቸው!» አሉ እትዬ ቢሁዋ። «ወዲህ በሉት። ልዑሌ፣ ልጅዎ ቢሁዋ ነኝ፤ ሾርባ የማቀርብልዎት። እንደው በሞቴ፣ መንትያ አለው አይደል?»

አንደኛው እንጨት ተንከባሎ ጉልበታቸውን መታቸውና በልሙጡ ተጋደመ። ሌላውም እንዲሁ።

«ሳቁ!»

«በእርስዎ ነው የሳቁት» አሉ ዶክተሩ።

«በእኔ? በእርስዎ የጀመሩትን ሳቅ ነው የጨረሱት!»

በዚህ ጊዜ ከጀርባችን ከበሮው ጋብ አለና የነጭ ጉም ድምፅ አደባባዩን ሞላው፤ «ወገኖቼ ሆይ! ስለዚህ እጄ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን እውነቱን...»

«እንዴ፣ ጀመረ እኮ!» እትዬ ቢሁዋ አንገታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ ጋሽ ኪምሱይ ጮኹ።

«እንዳይዞሩ! ለልዑሉ ጀርባ መስጠት ነውር ነው! ጸሐፊ፣ ቶሎ ውጣና ድምፁን ይቀንሱልን በል። እዚህ ስለ ነጭ ጉም እየመከርን ነው፤ ነጭ ጉም አላስመክር አለን!»

ወጣሁ። ወንበሮቹ ፀሐይ ላይ ባዶአቸውን ያብለጨልጫሉ፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ ቡችላ ተጋድሟል። አቶ ቹዋንግ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። በመድረኩ ጀርባ ዞሬ ገባሁ። ጊዮክላን ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታለች፤ ላቧ በክርኗ ይንጠባጠባል። ስታየኝ ዓይኗ በራ።

«መጡ?» አለች በሹክሹክታ። «ተቀመጡ?»

«ድምፅ ቀንሺ ተብሏል» አልኳት።

ነጭ ጉም ከላይ ዝም አለ። ከዚያ በክርኗ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ አዞረችው። ዓይኗ ሞልቷል፤ ላብ ይሁን እንባ አላጣራሁም። አፈርኩ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነገር ግን በተልዕኮ ላይ ያለ ጸሐፊ ነኝና ተመለስኩ። እጆቿን ግን አላወረደቻቸውም።

እንጨቶቹ ሲወድቁ ከሰዓቱ አለቀ። ጋሽ ኪምሱይ ጥያቄውን አሻሽለው አቀረቡ፤ ልዑሉ ሳቁ። ዶክተሩ መነጽራቸውን ወልውለው ጠየቁ፤ ልዑሉ ሳቁ። እትዬ ቢሁዋ «እንግዲያስ ሦስት ወንድማማች ናቸው?» አሉ፤ ያኔማ እንጨቶቹ ሳይወድቁ ሳቁ ማለት ይቻላል። በጣሉ ቁጥር ሕዝቡ «ሳቁ! ሳቁ!» እያለ ጣሪያውን ያናጋዋል። በመጨረሻ ጋሽ ኪምሱይ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና «ልዑሉ በኮሚቴው ሥራ የተሰማቸውን ከፍተኛ ደስታ ደጋግመው ገልጸዋል» የሚል የአቋም መግለጫ አነበቡ። አጨበጨብን። ከዚያ ትርኢቱን ለማየት ተጋፍተን ወጣን።

ትርኢቱ አልቋል። ሠራተኞቹ ወንበሩን ይደራርባሉ። ጊዮክላን ነጭ ጉምን በጨርቅ እየጠቀለለች ሳጥን ውስጥ ታስተኛዋለች።

«እህስ፣ ምን አለ?» አሉ ጋሽ ኪምሱይ።

«ማን?»

«ነጭ ጉም ነዋ! ስለ እጁ!»

«ተናገረ።»

«ምን ብሎ?»

«ሁሉንም። ስለ ወንዙም ተናገረ። ልዕልቲቱም ወለደች።»

«ወለደች?!» እትዬ ቢሁዋ ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን! ስንት ዘመን ጠብቄያት! ምን ወለደች? ወንድ ነው ሴት?»

ጊዮክላን ሳጥኑን ዘጋች። ሁሉም ወደ እኔና ወደ ካሜራዬ ዞሩ። እኔም የሁለት ቀይ እንጨቶችን እጅግ ጥርት ያለ ምስል በኩራት አሳየኋቸው። እትዬ ቢሁዋ የሰደቡኝን ስድብ ለትውልድ አላስተላልፍም።

አቶ ቹዋንግ መጣ። «ወንበሩን አይቻለሁ» አለ። «አንድ ቡችላ። እሱም ተኝቷል። ጊዮክላን፣ አትቀየሚኝ እህቴ፤ ከከርሞ ጀምሮ ጭፈራው ነው። ብቻ ወግ ወግ ነው፤ ልዑሉን ሳልጠይቅ አልቀይርም።»

ጊዮክላን ሳጥኗን ተሸክማ እስከ ቤተ መቅደሱ ተከተለችው። በሩ ላይ ቆመች። እነዚያ ጣቶቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብለው አየኋቸው። እኛም ከኋላዋ ተኮለኮልን። ከመካከላችን ስለ እጁ ያሰበ አልነበረም፤ ምናልባት ከሊቀ መንበሩ በቀር።

አቶ ቹዋንግ ተንበረከከ። «ልዑል ሆይ፤ ለልደትዎ ጭፈራው ይምጣ?»

ሁለቱም ጉብታቸውን አሳዩ። እንቢ።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ደገመ። እንቢ። ሠለሰ። እንቢ። ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

«ጊዮክላን ትቆይ?»

አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ጉብ። እሺ። እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ጣለ፤ ሦስቱንም እሺ። አቶ ቹዋንግ ባርኔጣውን አወለቀ። ትንሽ አሰበና «ለሕዝቡስ ወንበር እንከራይ?» አለ።

እንቢ።

ጊዮክላን ሳጥኗ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች።

«ይህ ግልጽ አለመጣጣም ነው!» አሉ ጋሽ ኪምሱይ። «አንድም ሰው ያላየው ትርኢት እንዴት ይቀጥላል?»

«አንድ ተመልካች ነበረኝ ጋሼ» አለች ጊዮክላን ዓይኗን እየጠረገች። «ድምፁን ቀንሺ ስትሉኝ በቃ ልተወው፣ ለማን ብዬ ነው ብዬ ነበር። ድምፁ ሲቀንስ ግን ከውስጥ መሰማት ጀመረ። አንዷን ቀልድ እጥላለሁ፣ ‹ሳቁ! ሳቁ!› ትላላችሁ። ሌላ እጨምራለሁ፣ ‹ሳቁ!› ትላላችሁ። በዕድሜዬ እንደ ዛሬ ተጫውቼ አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይህን ብላ ሳጥኖቿን ጭና፣ ሞተሯን አስነስታ ሄደች። ስለ እጁም፣ ስለ ሕፃኑም ለማንም ሳትተነፍስ ሄደች።

ጋሽ ኪምሱይ ተመልሰው ገቡ፣ ተንበረከኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መሥሪያ ቤት ቋንቋ፣ እንደ ልጅ ጠየቁ። «ልዑሌ፣ እባክዎ፤ ምን አለ?»

ልዑሉ ሳቁ።

ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ የሚከተለውን ወስኗል። የልዑሉን ሳቅ መንስኤ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ጥያቄዎቹን በመጪው ልደታቸው ዕለት፣ ከሰዓት፣ መጋረጃው በሚከፈትበት ሰዓት በዚያው ቤተ መቅደስ ውስጥ ያቀርባል። የትርኢቱ ወዳጆች በሙሉ ጀርባችሁን ወደ መድረኩ አድርጋችሁ በሰዓቱ እንድትገኙ በትሕትና እናሳስባለን።